መንገዱ ለመዲና የተዘጋበት ቀን

ይህ ጉዞ ሊጻፍ የሚገባው መሆኑን እስካሁን እርግጠኛ አይደለሁም። የጉዞ ማስታወሻ ብዬ የማውቀው ሰው ባሕር ተሻግሮ፣ ያልታየ አገር አይቶ ሲመለስ የሚጽፈውን ነው። እኔ የሄድኩት ወደ ገዛ እናቴ ቤት ነው። የሄድኩበት መንገድ ደሴ ለሚመላለስ ሁሉ የታወቀ ነው። ያየሁትም አንድ ሠርግ ነው፤ ሠርግ ያላየ አንባቢ ደግሞ የለም። ነገር ግን ከተመለስኩ ወዲህ ለጓደኞቼ በቃል ልነግራቸው ሁለት ጊዜ ጀምሬ፣ ሁለቱንም ጊዜ መጨረሻው ላይ ስደርስ ድምፄ እንቢ አለኝ። በጽሑፍ ይሻል ይሆናል ብዬ ነው የጀመርኩት። ካልተሻለም አንባቢ ይታገሰኝ።

መነሻ

በዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪ ነኝ። የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና እንዳለቀ አጭር ዕረፍት ተሰጠን። አባቴ አቶ ሀብቴ በጥቅምት ወር በወባ ሞቷል። እኔ ለሰልስቱ ደርሼ፣ ጥቂት ቀን ከእናቴ ጋር ከቆየሁ በኋላ፣ ትምህርቴ እንዳያልፈኝ እሷው ራሷ ገፍታ መለሰችኝ። ከዚያ ወዲህ ከሚሴ ብቻዋን ነበረች። የጉዞዬ ዓላማ እናቴን ማየት ብቻ ነበር።

አባቴ የመንገድ ጥገና ሠራተኞች አለቃ ነበር፤ ሰው ሁሉ «ካቦ ሀብቴ» ይለዋል። ከሰንበቴ ጀምሮ በከሚሴ አልፎ እስከ ጨፋ ሮቢት ባለው መንገድ ላይ ጎርፍ የሸረሸረውን ሲያስሞላ፣ ድልድይ ሲያስጠግን፣ ቀይ ባንዲራ ይዞ መኪና ሲያቆምና ሲያሳልፍ ነው ዕድሜውን የጨረሰው።

ማታ ማታ፣ ራት ቀርቦ እጃችንን ስንታጠብ፣ ሁልጊዜ አንድ ጥያቄ ይጠይቀን ነበር። «ዛሬ ከመንገድ ምን አመጣችሁ?» ይላል። የሚጠይቀው ዕቃ አልነበረም። በዚያ ቀን ከሰው አፍ የሰማነውን፣ ሊረሳ የማይገባውን አንድ ንግግር ነው። እናቴ ከገበያ፣ እኔ ከትምህርት ቤት፣ እሱ ከመንገድ ያመጣነውን በየተራ እንናገራለን። እሱ ሲናገር የተናጋሪውን ድምፅና ሳል ጭምር ያወጣ ነበር። ሌላው የሚወደው ነገር ዜማ ነው። ከየትኛውም ግቢ ከበሮ ከሰማ አካፋውን ተክሎ ይቆማል። ሠራተኞቹም አብረውት ይቆማሉ። «ድንጋዩ የትም አይሄድም፤ ዘፈኑ ግን ያልቃል» ይላቸዋል።

ስለዚህ በዚህ ጉዞ በየደረስኩበት አንድ አንድ ንግግር ልያዝ ብዬ አሰብኩ። ቤት ስደርስ የሚጠይቀኝ እንደሌለ አውቅ ነበር። ቢሆንም ባዶዬን መግባት ከበደኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ሲና

ቅዳሜ፣ የአስተርእዮ ማርያም ዕለት፣ ገና ሳይነጋ ተነሣን። ነጭ የለበሱ ሰዎች ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ አውቶቡሳችን በመካከላቸው ቀስ ብሎ አለፈ። እስከ ከሚሴ የከፈልኩት ሰባት ብር ነው። ቦታዬ ከሾፌሩ ኋላ ሆኖ፣ ከጎኔ አንድ ቄስ ተቀምጠው ነበር። ደብረ ብርሃን ስንደርስ ብርዱ በመስኮቱ ስንጥቅ ገብቶ ጉልበታችንን ይዞን ነበርና ሁላችንም ወርደን ትኩስ ሻይና አምባሻ ገዛን።

ጣርማ በር ስንደርስ ጉም መንገዱን ሸፈነው። ከመስኮቱ ውጭ ነጭ ብቻ ነበር። ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ሴት ልጇን አቅፋ ማልቀስ ጀመረች። ቄሱ ወደ ሾፌሩ ጎንበስ አሉና፣

«ልጄ፣ ለመሆኑ መንገዱ ይታይሃል?» አሉት።

ሾፌሩ ዞር አላለም። «አይታየኝም አባቴ» አለ። «ግን እሱ እኔን ያውቀኛል።»

ሴትየዋ ሳትቀር ሳቀች። የመጀመሪያው ንግግሬ ይህ ሆነ። ተራራውን ሰንጥቆ የሚያልፈውን ዋሻ አልፈን ቁልቁለቱን ስንጀምር ጉሙ ከላያችን ቀረ፤ ከሥራችን ሞቃቱ አገር ተዘርግቶ ታየ።

ደብረ ሲና አደርን፤ አልጋው ሃምሳ ሳንቲም ነው። ጠዋት ሳንነሣ ለእናቴ ቆሎ ልግዛ ብዬ ወደ መንገዱ ዳር ወጣሁ። የምትሸጠው ሴት በዕድሜ የገፋች ናት፤ ስትሰፍር እጇ አይንቀጠቀጥም።

«እናቴ፣ ምራቂ የለውም እንዴ?» አልኳት።

«አለው።»

«ታዲያ አልጨመሩልኝም።»

«አሁን አልሰጥህም። ስትመለስ ትወስደዋለህ።» ቀና ብላ አየችኝ። «ያልተሰጠው ነገር ያለ ሰው ነው የሚመለሰው።»

ሁለተኛው ይህ ነው።

ሰንበቴ

እሑድ ረፋዱ ላይ ሸዋ ሮቢትን አልፈን፣ አጣዬ ላይ ፓፓያ በልተን፣ ሰንበቴ ስንደርስ የገበያዋ ቀን ነበር። አውቶቡሱ በፍየልና በግመል መካከል መተላለፊያ አጥቶ ቆመ። ከቆላ የወጡ አፋሮች ጊሌ የሚሉትን ጩቤያቸውን ወገባቸው ላይ ታጥቀው፣ ቅቤና ከብት ይዘው መጥተዋል። ደገኞቹ እህልና በርበሬ ዘርግተዋል። አንዱ በአማርኛ ዋጋ ይጠራል፣ ሌላው በኦሮምኛ ይሰድበዋል፣ ሦስተኛው በአፋርኛ ይስቃል፤ ሽያጩም ያለ ችግር ይፈጸማል። ሾፌሩ አንድ ሰዓት ያህል እንቆያለን ስላለ ከአንድ ሻይ ቤት ገባሁ።

ከአጠገቤ ሁለት ሙክቶች በገመድ የያዘ፣ ጢሙን በሂና ያቀላ ሰው ተቀምጦ ነበር። ስሙ ኡመር መሆኑን ኋላ ነገረኝ።

«አከም ጅርታ? ነጋ?» ብሎ በኦሮምኛ ደህንነቴን ጠየቀኝ።

«ገለተ ረቢ» አልኩት።

«ወላሂ፣ ምላስህ የእኛ ነው! ኮትህ ግን የሸዋ ነው። የማን ልጅ ነህ?»

«የከሚሴው የካቦ ሀብቴ።»

የያዘውን ብርጭቆ አስቀመጠ። «የባለ ባንዲራው? ነፍሱን ይማር። ስንት ጊዜ ግመሎቼን አሳልፎልኛል! መኪናውን ያቆምና ‹ቅድሚያ ለእግረኛ› ይላል፤ እኔ ሳልፍ ደግሞ ‹ፍጠን፣ ሾፌሩ ሚስቱ ናፍቃዋለች› ይለኛል።» ፈገግ አለ። ከዚያ ፈገግታው ጠፋ። «ሐሙስ ወደ ጎረቤታችሁ ወደ ሰይድ ቤት ሙሽራ ልንወስድ እንመጣለን። መዲናን ለወንድሜ ልጅ ለከድር። ከበሮ ይኑር አይኑር ግን አላወቅንም።»

«ሠርግ ያለ ከበሮ እንዴት ይሆናል?»

«እሱን እኛም እየጠየቅን ነው። ሽማግሌዎቻችን በዝምታ የወጣች ሙሽራ አንቀበልም ብለዋል። እስከ ዓመት ይቆይ እየተባለ ነው። ልጁ ደግሞ አሰብ ወደብ ሥራ አግኝቷል፤ ከሠርጉ ማግስት ይሄዳል። ዓመት ሙሉ ማን ማንን ይጠብቃል?»

«ለምንድን ነው የማይመታው?»

ኡመር ገመዱን ጠቀለለና ተነሣ። «ቤትህ ስትደርስ ታየዋለህ። ለአንተ መንገር የእኔ ድርሻ አይደለም» አለና ሙክቶቹን እየጎተተ ወጣ።

ከሚሴ

ከሰዓት በኋላ ከሚሴ ገባሁ። ቤታችን ከከተማዋ ወጣ ብሎ፣ ከመንገዱ ዳር ነው። በስተጀርባው የጨፋ ሜዳ ይጀምራል። በዚህ ወር ማሽላው ታጭዷል፤ በቦርከና ዳር ያለው ረግረግ ግን ገና አረንጓዴ ነው፣ የቆላ ከብትም ሞልቶበታል። ከሰይድ ግቢ ጋር የሚያዋስነን የቁልቋል አጥር ነው። አባቴና ሰይድ እየተላለፉ የከፈቱት ቀዳዳ አለው፤ በር ሳይሆን በር ሆኖ የኖረ።

በዚያ ቀዳዳ አየሁ። ዳስ እየተሠራ ነበር። ወንዶች እንጨት ይተክላሉ፤ ሴቶች እህል ይወቅጣሉ። አንድም ድምፅ ግን አልነበረም። በአገራችን ሴት ያለ ዘፈን ስትወቅጥ አይቼ አላውቅም። የሙቀጫው ድምፅ ብቻውን ሲሆን እንዴት እንደሚከብድ ያን ቀን ሰማሁ።

እናቴ ጥቁር ለብሳ ደጃፍ ላይ ተቀምጣ ነበር። ከሳችብኝ። ተሳስመን፣ አልቅሰን ከጨረስን በኋላ ጠየቅኳት።

«እነ አባ ሰይድ ሠርግ አላቸው አይደል? ለምን ዝም አሉ?»

«እኔ ምን አውቄ ዳኜ።» ስሜ ዳኛቸው ነው፤ እሷ ግን እንዲህ ነው የምትጠራኝ። «ሦስት ጊዜ መጡ። እንደ ሐዘንተኛ አክብረውኝ ደጃፍ ላይ ቆሙ። ሦስቱንም ጊዜ ከውስጥ ሆኜ ‹ምቱ፣ ዝፈኑ፣ በእኔ የተነሣ እንዳትቀሩ› አልኳቸው። ‹እሺ እመት አስካለ› ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ ዝም። ድሮ በዚያ ቀዳዳ ሳይጠሩኝ የሚውሉበት ቀን አልነበረም። ሰውየው ሲሞት እኔንም የቀበሩኝ መሰለኝ።»

ራት ቀረበ። እጄን ስታጠብ ጥያቄውን ጠበቅኩ። አልመጣም። ከአውቶቡስና ከቆሎ ሻጯ የያዝኩትን ልናገር አስቤ አፌ አልታዘዘልኝም። 

ሰኞና ማክሰኞ

ሰኞ ጾመ ነነዌ ገባ። ጠዋት ልብሴን አስተካክዬ በቀዳዳው አለፍኩ። የቤተሰቡ ወንድ ልጅ እኔ ነኝና በእናቴ ምትክ ፈቃድ መስጠት የእኔ ፈንታ ነው ብዬ ነበር።

አባ ሰይድ ገበሬ ነው፤ መንዙማ በማውጣትም በጨፋ ሁሉ የታወቀ ነው። አየኝና ሁለት እጁን ዘረጋ። «ኮቱ ገሊ! ና ግባ፣ የሀብቴ ልጅ! አልሐምዱሊላህ፣ ቁመቱ ራሱ ሀብቴ ነው።» ወተት አዘዘ፤ ወዲያው ግንባሩን መታ። «ጾም ነው ለካ! ውሰጂው፣ ውሰጂው፤ አስካለ ሰምታ አጥሩን እንዳትዘጋብን።»

ግድግዳው ላይ ትልቁ ድቤ ተሰቅሎ ነበር። መንዙማ ሲወጣ የሚመታው ከበሮ ነው። በነጭ ጨርቅ ተሸፍኗል። እኔም ተነሥቼ ሌሊቱን ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። ስለ ጉርብትና፣ ስለ አባቴና ስለ እሱ ወዳጅነት፣ ሐዘንና ደስታ በአንድ አጥር ስለ መኖራቸው ብዙ አልኩ። በመጨረሻም «ስለዚህ በእናቴና በእኔ ስም ከበሮው እንዲመታ በአክብሮት እንለምናለን» ብዬ ተቀመጥኩ። የክርክር ክበብ ውስጥ እንደዚያ ብናገር የሚጨበጨብልኝ ይመስለኛል።

አባ ሰይድ ራሱን ዝቅ አድርጎ ሰማኝ። «አሜን» አለ። «አሜን። አፍህ ይባረክ ልጄ።» ከዚያ ስለ ዩኒቨርሲቲው ምግብ ጠየቀኝ።

ቤት ገብቼ ከበሮውን ጠበቅኩ። ሰኞ አልተመታም። ማክሰኞም አልተመታም። ማክሰኞ ከቀትር በኋላ የሰንበቴ ሽማግሌዎች ሁለት በቅሎ ይዘው መጡ፤ ኡመርም አብሯቸው ነበር። ብዙ አልቆዩም። ሲወጡ አባ ሰይድ እስከ መንገዱ ሸኛቸውና ብዙ ጊዜ ብቻውን ቆመ። በኋላ እንደ ተነገረኝ፣ ሐሙስ ከበሮ ካልሰሙ ባዶ መኪናቸውን ይዘው እንደሚመለሱ ተናግረው ነው የሄዱት።

ረቡዕ

ጠዋት በአጥሩ አጠገብ እንጨት ስፈልጥ መዲና በቀዳዳው በኩል መጣች። ከእኔ በአንድ ዓመት ታንሳለች። ከልጅነታችን አብረን ያደግን ብንሆንም፣ እኔ ለትምህርት ደሴ አዳሪ ከገባሁ ወዲህ የምንገናኘው በክረምት ብቻ ነው። እጆቿ በሂና ጠቁረዋል።

«ዳኛቸው፣ ዩኒቨርሲቲ ንግግር ነው እንዴ የሚያስተምሯችሁ?»

«ምነው?»

«አባቴ እስካሁን እያደነቀህ ነው። ‹እንዴት ያምራል፣ እንዴት ያምራል› ይላል። ከበሮው ግን እዚያው ነው።»

አፈርኩ። «ፈቃድ ሰጠን እኮ! እናቴም ሦስት ጊዜ ሰጠች። ምን ቀረ?»

ወደ ኋላዋ ተመለከተች። «እኔ አልነገርኩህም፤ አንተ ነህ የሰማኸው፣ እሺ? በእኛ ዘንድ ጎረቤት ሐዘን ላይ ሳለ ከበሮ በቃል አይነሣም። ባለ ሐዘኗ ራሷ በእግሯ መጥታ፣ በእጇ አንዴ ትመታዋለች። ከዚያ ሌላው ይቀጥላል። ልጅ በእናቱ ፈንታ አይሆንም። ከቤት ውስጥ ሆና ‹ምቱ› ካለች እኛ ‹ገና ነኝ፣ ተዉኝ› ማለቷ ነው ብለን እንመለሳለን።»

«እናቴ የመንዝ ሰው ናት። በእነሱ አገር ቃል ይበቃል። ለምን አልነገራችኋትም?»

«ወየው! ሐዘንተኛ ‹ነይና ከበሮ ምቺ› ተብሎ ይለመናል? አይጠየቅም እኮ። አባቴ ዓመቱን ሙሉ ዝም ይላል እንጂ አይጠይቅም።»

መጥረቢያውን አስቀመጥኩ። ከዚያ «ከድርስ?» አልኳት።

«ከድር አሰብ ይሄዳል።» በጣቷ የቁልቋሉን ቅርፊት ላጠች። «እሱ ይሄዳል። እኔ እዚህ ቆሜ የሚያልፈውን መኪና እቆጥራለሁ።» ሳቅ አለች፤ ሳቋ ግን ዓይኗ ድረስ አልደረሰም። «ካቦ ሀብቴ ትንሽ ሆኜ ምን ይለኝ እንደነበር ታውቃለህ? ‹አንቺ የምትዳሪ ቀን መንገዱን በባንዲራዬ እዘጋዋለሁ። ከአሰብም ይምጣ ከአዲስ አበባ፣ መኪናው ሁሉ ቆሞ የሰይድን ከበሮ ይሰማል› ይለኝ ነበር። እውነት መስሎኝ ስንት ዓመት ጠበቅኩት።»

ከግቢ ጠሯት። ሄደች።

ፀሐይ ስትጠልቅ ራት ቀረበ፤ የነነዌ ጾም መጨረሻ ቀን ነበርና ሽሮ ነው የቀረበው። የመዲናን ስም ሳላነሣ የአገሩን ልማድ ለእናቴ ነገርኳት። እጇ መሶቡ ላይ ቆመ።

«እስከ ዛሬ እኔ እነሱን ስጠብቅ፣ እነሱ እኔን ሲጠብቁ ኖርን?»

«እንደዚያ ነው።»

«እኔ ደግሞ ረሱኝ ብዬ ለእግዚአብሔር ከሰስኳቸው።» ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። ነገ ትሄጃለሽ አይደል ልላት ስል ቀደመችኝ። «አልችልም ዳኜ። በአፌ ፈቅጃለሁ፣ ከልቤ ነው የፈቀድኩት። በእጄ ግን አልችልም። በዚህ እጄ እኮ ነው አፈር የመለስኩበት።»

 በትምህርት ቤት የተማርኩት ንግግር ሁሉ ጥሎኝ ሄደ። ሳላስበው፣

«እማዬ፣ ‹ከመንገድ ምን አመጣህ› በይኝ እስቲ» አልኳት።

ቀና ብላ አየችኝ።  «ምን አመጣህ?» አለች፤ ድምፅዋ አልሰማ እስኪል ዝቅ ብሎ።

የሾፌሩን ነገርኳት። የቆሎ ሻጯን ነገርኳት፤ እዚያ ላይ «ሌባ ናት» ብላ ትንሽ ፈገግ አለች። ሦስተኛው ላይ ደረስኩ። የሰማሁት ከመዲና መሆኑን፣ የተናገረው ግን አባቴ መሆኑን ገልጬ፣ በእሱ ድምፅ ለማውጣት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም፣ በገዛ ድምፄ ጨረስኩት።

እናቴ ዞር አለች። ከበሩ ኋላ፣ ከዱላው ላይ እንደ ተጠቀለለ የቆመውን ቀይ ባንዲራ ብዙ አየችው። አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ትኩሳቱ ይዞት ሲገባ ያቆመው እዚያ ነው፤ ከዚያ ወዲህ ማንም አልነካውም። ከዚያ መሶቡን ከደነች።

ሐሙስ

ጠዋት ተነሥቼ ሳይ እናቴ ጥቁር ቀሚሷን አጥባ፣ እንደገና ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ ቆማለች። ባንዲራው በነጠላዋ ሥር ነበር። «ና» አለችኝ።

በቀዳዳው አለፍን። ሴቶቹ አይተውን ሥራቸውን አቆሙ። ሙቀጫው ዝም አለ። አባ ሰይድ ከዳሱ ውስጥ ወጣ፤ እናቴን አየ። ወደ ቤት ገብቶ ድቤውን በሁለት እጁ ተሸክሞ መጣና፣ ጨርቁን ገፎ በፊቷ ያዘላት።  ልማዱ ዝምታ ነበር፤ አሁን ያን ዝምታ በትክክል ሰማሁት።

እናቴ እጇን አነሣች። እጇ በአየር ላይ ቆየ። አባ ሰይድ ድቤውን እንደ ያዘ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ፣ «አብሽሪ፣ አይዞሽ እህቴ» አለ፤ ቀስ ብሎ። እጇ ወረደ። ጥሩ ምት አልነበረም። እንደ ተዘጋ በር ደንዘዝ ያለ ድምፅ ነው የሰጠው። ግን ተመታ።

እልልታው ከየት እንደ ጀመረ አላወቅኩም። መዲና ከጓዳ እያለቀሰች ስትጮህ ሰማኋት። አባ ሰይድ ፊቱን ወደ ቁልቋሉ አዙሮ ቆየ፤ ከዚያ ዞሮ ድቤውን አንገቱ ላይ አጠለቀና መንዙማውን አነሣ። ከወራት በኋላ የወጣ ድምፅ ስለሆነ መጀመሪያ ሻክሮ ነበር፤ እየቆየ ጠራ። ወንዶቹ በግማሽ ክብ ቆመው እየተወዛወዙ ተቀበሉት። አንባቢዬ፣ ራዲዮን እወዳለሁ፤ ነገር ግን ዘማሪ ፊትህ ቆሞ የደረቱ ድምፅ በአንተ ደረት ውስጥ ሲያልፍ ሌላ ነገር ነው። አባቴ አካፋውን ተክሎ የሚቆመው ለምን እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ።

ከቀትር በኋላ የሰንበቴ ሰዎች በጭነት መኪና መጡ። ገና ከሩቅ ከበሮውን ሰምተው ኖሮ እየዘፈኑ ነው የደረሱት። ተበላ፣ ተመረቀ። መዲና ተሸፍና ወደ መኪናው ስትወጣ ግን እናቴን ከአጠገቤ አጣኋት።

መንገዱ መካከል ቆማለች። ጥቁር ለብሳ፣ ቀዩን ባንዲራ ወደ ላይ ዘርግታ።

ከኮምቦልቻ በኩል የጨው ጭነት መኪና እያጓራ መጥቶ ቆመ። ከኋላው አውቶቡስ ቆመ። ከወዲያ ማዶ ደግሞ ሁለት መኪናና የግመል ሰልፍ። የጨው መኪናው ሾፌር አንገቱን አውጥቶ፣

«እሜቴ፣ ምን ተበላሸ? ድልድይ ነው?» አለ።

«ምንም አልተበላሸም» አለች እናቴ። «ሠርግ ነው። ሰምተህ ሂድ።»

ሾፌሩ ባንዲራውን አየ፤ ጥቁር ልብሷንም አየ። በዚህ መንገድ የሚመላለስ ሾፌር ያን ባንዲራ ያውቀዋል። ኮፍያውን አወለቀና ሞተሩን አጠፋ። አውቶቡሱም አጠፋ። ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ወረዱ፤ አፋሮቹም ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ቆሙ። በመንገዱ ላይ የሰይድ ከበሮና የሴቶቹ ዘፈን ብቻ ቀረ። ከዘፋኞቹ አንዷ እዚያው ፈጥራ እንዲህ አለች፦

*መንገዱን ዝጉልኝ አንዳፍታ ለመዲና፣*
*ካቦው የት ይቀራል ባንዲራው መጣና።*

ሌሎቹ ተቀበሏት። እናቴ ፊቷ አልተለወጠም፤ ባንዲራዋም አልወረደም። የሙሽራዋ መኪና ቀስ ብሎ በአጠገቧ ሲያልፍ መዲና እጇን ዘርግታ የባንዲራውን ጫፍ ነካች። ኡመር ከመኪናው ላይ ሆኖ «ፍጠን በለው! ሙሽራው ሚስቱ ናፍቃዋለች!» ብሎ ጮኸ። እናቴ ያን ጊዜ ሳቀች፣ አለቀሰችም። መኪናው በግራሮቹ መካከል እስኪሰወር ጠብቃ ባንዲራውን አወረደች፤ በሚገባ ጠቅልላም «እለፉ» አለች።

ማታ ራት ላይ እጃችንን ስንታጠብ እሷ ጠየቀችኝ። እኔም የሷኑ ቃል መለስኩላት፤ «ሠርግ ነው፣ ሰምተህ ሂድ።» «እሱ ቢሆን የሾፌሩን ድምፅ ጭምር ያወጣው ነበር» አለች።

መመለሻ

ቅዳሜ ተመለስኩ። እናቴና አባ ሰይድ በአንድነት ሸኙኝ፤ በአውቶቡሱ መስኮት ሆኜ በቀዳዳው ተከታትለው ሲመለሱ አየኋቸው። ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጯን ፈለግኳት። አወቀችኝ አላወቀችኝ እንጃ፤ «ምራቂዬን» ስላት ግን ሳትከራከር እፍኝ ሞልታ ሰጠችኝ።

ከአጣዬ የተሳፈረ አንድ ነጋዴ ከኋላዬ ሆኖ ለጎረቤቱ ሲያወራ ነበር። ከከሚሴ ወጣ ብሎ አንዲት ጥቁር የለበሰች ሴት መንገድ ዘግታ፣ ቀጠሮውን እንዳሳለፈችበት ይናገራል። «ታዲያ ተቆጣህ?» አለው ጎረቤቱ። «መጀመሪያ ተቆጣሁ» አለ ነጋዴው። «ኋላ ግን ቶሎ እንዳትከፍተው ፈራሁ።» ዞሬ ልጇ ነኝ ልለው ነበር። ተውኩት፤ ንግግሩን ግን ለእናቴ ይዤዋለሁ።

ከጉዞው የተማርኩትን እንድጽፍ ደንቡ ያስገድደኛል። ሰው የተናገረው ጥሩ ነገር ለሚያስፈልገው ሰው እስኪደርስ ድረስ ገና መንገድ ላይ እንደሆነ ተማርኩ። በቃል የፈቀድነውን ሁሉ በእጃችን ፈቅደናል ማለት እንዳልሆነም ተማርኩ። ከዚህ የበለጠ ብል የሰኞው ንግግሬ ይሆንብኛል።

እናቴ ጥቁሩን እስከ ዓመቱ ታወልቃለች ብዬ አልጠብቅም። በሁለቱ ግቢዎች መካከል፣ በዚያች የቁልቋል አጥር ላይ ከጥቅምት ጀምሮ የተቀመጠው ዝምታ ግን አብቅቷል። ያበቃውም ሐሙስ፣ ጥር ፳፮ ቀን ፲፱፻፶፰ ዓ.ም. ነው።